ከኮምፒውተር ጋር ደጋግሞ የሚቋረጥ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ፦ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንዴት ይለያል?

አስተርጓሚዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ሲሆን፣ ሥራዬ በአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎችና በሐኪሞቻቸው መካከል በስልክና በቪዲዮ ማስተርጎም ነው። የሥራ መሣሪያዬ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ላፕቶፕ እና ከራሱ ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ከማዳመጫው ጋር በብሉቱዝ የሚያገናኝ ዕቃ) ጋር የገዛሁት ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ናቸው። ላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ ከዶክ (ብዙ ዕቃዎችን ከላፕቶፑ ጋር ከሚያገናኝ መሰኪያ ሳጥን) ጋር ተያይዞ ይውላል፤ ዶንግሉም፣ የግል ፋይሎቼን የማስቀምጥበት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክም፣ ኪቦርዱም የሚሰኩት እዚያው ዶክ ላይ ጎን ለጎን ነው።

ችግሩ ማዳመጫው ከኮምፒውተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ደጋግሞ መቋረጡ ነው። አንዳንድ ጊዜ በንግግር መካከል ድምፁ መቆራረጥ ይጀምርና ጨርሶ ይጠፋል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ራሱ ይመለሳል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጥሪ ስጠብቅ ረዘም ላለ ጊዜ ከቆየሁ በኋላ፣ ጥሪው ሲመጣ ማዳመጫው ከኮምፒውተሩ ተለያይቶ አገኘዋለሁ፤ እስኪገናኝ ድረስም የተናጋሪው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ያመልጠኛል። ሐኪሙ የመድኃኒት መጠን በሚናገርበት ቅጽበት ድምፁ ሲጠፋ እንዲደግምልኝ መጠየቅ ግዴታዬ ነው፤ ይሁን እንጂ ታካሚዋ ተጨንቃ በምትጠብቅበት ሰዓት ንግግሩን ደጋግሞ ማቋረጥ ለሁሉም ከባድ ነው።

እስካሁን ማዳመጫውን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርጌ ሞክሬያለሁ፣ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር ውስጥ አጥፍቼ እንደገና አጣምሬዋለሁ፣ የዊንዶውስ ማሻሻያዎችንም ጭኛለሁ። ከስልኬ ጋር ሲገናኝ ግን ለሰዓታት ያለ አንዳች እንከን ይሠራል። ሌላ ከመግዛቴ በፊት ጥፋቱ የማዳመጫው ይሁን የኮምፒውተሩ ለመለየት የሚያስችል ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሞገድ፦

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን በጥሩ ሁኔታ ዘርዝረው ስላቀረቡት መልሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። ማዳመጫው ከስልክዎ ጋር ለሰዓታት ያለ ችግር የሚሠራ ከሆነ ባትሪውም ሆነ በውስጡ ያለው ሬዲዮ ጤናማ የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነውና፣ ገንዘብዎን አዲስ ማዳመጫ ላይ ከማዋልዎ በፊት ኮምፒውተሩንና አካባቢውን መመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ የገለጹት አንድ ሕመም ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸውን ነው። በንግግር መካከል የሚከሰተው መቆራረጥ ከሬዲዮ ሞገድ ረብሻ ጋር የተያያዘ ይመስላል። ጥሪ እየጠበቁ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ የሚመጣው መለያየት ግን የኃይል ቁጠባ ምልክት ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ከተከታተልናቸው አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይቀርና መፍትሔው አልሠራም ብለን ትክክለኛውን እርምጃ እንተወዋለን። ስለዚህ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱን፣ በዚያ ቅጽበት ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደነበረና ድምፅ እየተላለፈ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ይህ ቀላል ማስታወሻ ከማንኛውም የመመርመሪያ ፕሮግራም የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ሁለተኛውን ላስረዳ። ዶንግሉ ለዊንዶውስ እንደማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ መረጃ ካልተላለፈበት ሲስተሙ ኃይል ለመቆጠብ ሊያስተኛው ይችላል። ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራ ብሉቱዝ የሚጠቀሙ አንባቢዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ምክንያቱም በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ዋይፋዩና ብሉቱዙ በአንድ ካርድ ላይ ቢሆኑም የብሉቱዙ ክፍል ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በውስጥ የዩኤስቢ መስመር ነው። ለማስተካከል «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ይክፈቱ፤ በዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎች ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የሚለውን፣ አብሮ የተሠራ ብሉቱዝ ከሆነ ደግሞ የብሉቱዙን ካርድ መርጠው ወደ «ፕሮፐርቲስ» ይግቡ፤ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይም ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ ጨርሶ አይታይም። በዚህ ጊዜ በኃይል አጠቃቀም ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» የሚለውን ፈልጎ ማጥፋት ይሞከራል።

ማዳመጫውም በራሱ የመተኛት ልማድ ሊኖረው ይችላል። ብዙዎቹ ድምፅ ሳይመጣላቸው ሲቆዩ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ የሚጠፉበትንም ጊዜ በአምራቹ የስልክ ወይም የኮምፒውተር አፕ ማራዘም ይቻላል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ጥሪ በሚጠብቁበት ሰዓት በጣም ዝቅ ያለ ሙዚቃ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው ይተዉት። ሙዚቃው እያለ መለያየቱ ከቀረ፣ ጉዳዩ የኃይል ቁጠባ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ የሚቀረው የተኛው ማዳመጫው ነው ወይስ ዶንግሉ የሚለውን መለየት ብቻ ነው።

የሬዲዮ ወዳጅ፦

ሞገድ ያሉት ትክክል ነው። እኔ በንግግር መካከል ስለሚከሰተው መቆራረጥ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ከጥያቄዎ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ወዲያው ዓይኔን ስቦታል። ዶንግሉና ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ በዶኩ ላይ ጎን ለጎን ተሰክተዋል ብለዋል። እንደ እኔ ግምት ዋናው ጥፋተኛ ይህ ጉርብትና ነው።

ምክንያቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። ብሉቱዝ የሚሠራው ከ2.402 እስከ 2.480 ጊጋኸርዝ ባለው የሞገድ ክልል ውስጥ ነው። የተለመደው ብሉቱዝ ይህንን ክልል እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኸርዝ ስፋት ባላቸው 79 መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ከ2003 ወዲህ፣ ማለትም ብሉቱዝ 1.2 ከወጣ ጀምሮ፣ የትኞቹ መስመሮች እንደተያዙ እየለየ እነርሱን መዝለል ይችላል። በአንድ መደበኛ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ መስመር የሚያዘው 20 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ብሉቱዙ ያንን ክፍል ትቶ በቀረው መሥራት አያቅተውም። አንድ ዋይፋይ በቤት ውስጥ መኖሩ ብቻውን ማዳመጫን የማያቋርጠውም ለዚህ ነው።

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኮች የሚጠቀሙበት ፈጣኑ የዩኤስቢ ዓይነት፣ ማለትም ዩኤስቢ 3፣ የሚፈጥረው ረብሻ ግን ከዚህ ይለያል። ዩኤስቢ 3 መረጃ የሚያስተላልፈው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ፍጥነት ሲሆን፣ በዚህ ፍጥነት የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ክልል በሙሉ ያለብሰዋል። ኢንቴል ይህንን ጉዳይ በ2012 ባወጣው ቴክኒካዊ ጽሑፍ በልኬት አሳይቶታል፤ ረብሻው ከመሰኪያው፣ ከገመዱና ከራሱ ከሀርድ ዲስኩ ቀፎ እንደሚወጣ፣ በቅርብ የተሰካ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዶንግል የሚቀበልበትን ርቀትም እንደሚያሳጥር አስረድቷል። ክልሉ በሙሉ ሲረበሽ ብሉቱዙ ከመስመር ወደ መስመር ቢዘልም የሚሸሽበት ቦታ አያገኝም። ማጀት ውስጥ ወፍጮ እየተፈጨ ከሳሎን የሚጠራን ሰው ለመስማት እንደመሞከር ነው፤ ጠሪው ድምፁን ቢቀያይርም ወፍጮው ሁሉንም ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። የሚደነቁረው ማዳመጫው ሳይሆን ዶንግሉ ነው። ማዳመጫው ከዲስኩ ርቆ ጭንቅላትዎ ላይ ስላለ ከዶንግሉ የሚላክለትን ድምፅ በደንብ ይቀበላል፤ ነገር ግን «ደርሶኛል» ብሎ የሚመልሰውን ምላሽና የማይክሮፎኑን ድምፅ ዶንግሉ በረብሻው ምክንያት አይሰማም። ምላሽ ያልመጣለት ዶንግል ያንኑ መረጃ ደጋግሞ ይልካል፤ በማዳመጫው ውስጥ የተጠራቀመው ድምፅ ያልቅና መቆራረጥ ይጀምራል። ዝምታው ከቀጠለም ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ይቆጠራል። የብሉቱዝ ደንብ ለዚህ በነባሪነት 20 ሰከንድ ይሰጣል፤ በየዕቃው ግን ይህ ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። እርስዎ ያስተዋሉት ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ መቆራረጥ ከዚያም ፍጹም መጥፋት፣ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

መሞከሩ ቀላል ነው። ሀርድ ዲስኩ ፋይል በሚገለብጥበት ሰዓት ለራስዎ የሙከራ ጥሪ ይደውሉ፤ መቆራረጡ ሲጀምር መገልበጡን አቁመው ዲስኩን በአግባቡ ካስወጡ በኋላ ይንቀሉት። ድምፁ ወዲያው ከጠራ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። መፍትሔውም ርካሽ ነው፦ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የዩኤስቢ 2 ማራዘሚያ ገመድ ገዝተው ዶንግሉን ከዶኩ ያርቁት፤ ጠረጴዛው ላይ ከማዳመጫው ፊት ለፊት እንዲሆን አድርገውም ያስቀምጡት። ዩኤስቢ 2 የምለው ሆን ብዬ ነው። በዚያ ገመድ ውስጥ ያሉት አራት ሽቦዎች ብቻ ስለሆኑ የ5 ጊጋቢቱ መስመር እስከ ዶንግሉ ድረስ አይዘልቅም። የሰው አካል አብዛኛው ውኃ በመሆኑ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይውጣል፤ ስለዚህ ዶንግሉን ከጠረጴዛ ሥር ወይም ከኮምፒውተር ኋላ ከመደበቅ እይታ ውስጥ ማድረግ ይመረጣል። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ የማዘርቦርዱ ብሉቱዝ ከኋላ የሚገጠሙ አንቴናዎች ካሉት፣ ዋይፋይ ባይጠቀሙም እንኳ አንቴናዎቹን መግጠም ያስፈልጋል። ካልተገጠሙ ብሉቱዙ ከቅርብ ርቀት በላይ አይዘልቅም።

አስተርጓሚዋ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሙከራ ጥሪውን አድርጌዋለሁ። ዲስኩ በሚገለብጥበት ጊዜ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ዲስኩን ስነቅለው ጠራ፤ መልሼ ስሰካውና መገልበጡን ስጀምር እንደገና ተበላሸ። ማራዘሚያ ገመዱን ገዝቼ ዶንግሉን ከማሳያው ፊት ለፊት ካስቀመጥሁት ወዲህ ዲስኩ እየሠራም ጥሪዎቼን ያለ ችግር እጨርሳለሁ። የኃይል ቁጠባውን ምልክትም አንስቻለሁ፤ በማዳመጫው አፕ ውስጥም ራሱን የሚያጠፋበትን ጊዜ አራዝሜዋለሁ፤ ጥሪ ስጠብቅ የነበረው መለያየትም ቀርቷል።

የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ አልፎ አልፎ ያለ ምንም መቆራረጥ የኮምፒውተሩ ድምፅ በድንገት ይጠፋና ወዲያው ይመለሳል፤ ይህ የሚሆነው በተለይ ስልኬ አጠገቤ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ማይክሮፎኑ ሥራ ሲጀምር የምሰማው ድምፅ ጥራቱን ያጣል፤ ሙዚቃ ሳዳምጥ የማገኘው ጥራት በጥሪ ጊዜ የለም። ይህ ደግሞ ሌላ ብልሽት ነውን?

ጠጋኝ ከአዲስ አበባ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ በጥገና ሥራዬ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ነውና። ማዳመጫዎ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዕቃዎች ጋር የመገናኘት ችሎታ ያለው ይመስለኛል። በስልክዎ ላይ ማዳመጫውን ስለሞከሩት ስልኩ ያስታውሰዋል፤ ብሉቱዙ ክፍት ከሆነም አጠገብዎ በሆነ ቁጥር ራሱ ይገናኛል። መልእክት ሲገባ ወይም አንድ አፕ ድምፅ ሲያሰማ ማዳመጫው ወደ ስልኩ ይዞርና የኮምፒውተሩን ድምፅ ያቋርጣል። በሥራ ሰዓት የስልኩን ብሉቱዝ መዝጋት፣ ወይም በማዳመጫው አፕ ውስጥ ከሁለት ዕቃ ጋር መገናኘትን የሚፈቅደውን ማጥፋት ይበቃል። ከስልኩ ዝርዝር ውስጥ ማዳመጫውን ጨርሶ ቢያጠፉት ደግሞ የተሻለ ነው።

ለአገር ቤት አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። ሞገድ የጠቀሱት «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ» ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራና ከመብራት ጋር ሲያያዝ ለየብቻ የሚሞላ ነው። እኛ ዘንድ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወዲያው ወደ ባትሪ ይዞራል፤ አብሮትም ጠበቅ ወዳለው ቁጠባ ሊገባ ይችላል። አንድ ደንበኛ «መብራት በሄደ ቁጥር ማዳመጫዬ ይቋረጣል» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ለባትሪ የተሞላውን ነው፤ ብዙ ጊዜ የተስተካከለው የመብራቱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ማስተካከል አይዘንጋ።

ሁለተኛው በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ነው። በአንድ ሕንፃ ላይ በየቤቱ ራውተር ሲኖር የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል ይጨናነቃል፤ የሬዲዮ ወዳጅ እንዳሉት ብሉቱዝ ከአንድ ዋይፋይ ይሸሻል፣ የዋይፋይ መስመር 1፣ 6 እና 11 በሙሉ በሥራ ላይ ሲሆኑ ግን መሸሻው ይጠባል። የጎረቤትን ራውተር ማዘዝ አይቻልም፤ የራስን ማስተካከል ግን ይቻላል። ራውተራችሁ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ላፕቶፑን ወደ እርሱ አዙሩት፤ በተለይ ብሉቱዙ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ዋይፋዩና ብሉቱዙ አንድ አንቴና ሊጋሩ ስለሚችሉ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። 2.4 ጊጋኸርዙን ለሌሎች ዕቃዎች የምትተዉ ከሆነም ስፋቱን በ20 ሜጋኸርዝ ወስኑት፤ በ40 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የክልሉን ግማሽ ያህል ብቻውን ይይዛል።

የቆየ አስተርጓሚ፦

እህቴ፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን ለሙያችን ከብልሽት የማይተናነስ ጉዳይ ስለሆነ በጥሞና ቢያዩት እወዳለሁ። በተለመደው ብሉቱዝ ማዳመጫ ሁለት የአሠራር ስልቶች አሉት። አንደኛው ለሙዚቃ ሲሆን ድምፅን ወደ ጆሮ ብቻ በጥሩ ጥራት ያደርሳል። ሁለተኛው ለስልክ ጥሪ የተሠራ ነው፤ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲሄድ ሲባል ጥራቱ ይቀንሳል። ማይክሮፎኑ በተከፈተ ቅጽበት ኮምፒውተሩ ወደ ሁለተኛው ስልት ይሸጋገራል። በዚህ ስልት በድሮው አሠራር ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ፣ በተሻሻለው ደግሞ 16,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ ከዚህም የተነሣ የሚሰማው ከፍተኛ ድምፅ በመጀመሪያው ከ4,000 ኸርዝ፣ በሁለተኛው ከ8,000 ኸርዝ ሊያልፍ አይችልም። በአንጻሩ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ የትርጉም መሣሪያዎች የወጣው አይኤስኦ 20109 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ125 እስከ 15,000 ኸርዝ ያለው ድምፅ በትክክል እንዲተላለፍ ይጠይቃል። ርቀቱን ይመልከቱት።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንደ «ሰ» ያሉ ድምፆች አብዛኛው ጉልበታቸው ከፍ ባለው ክልል ላይ ነው። ያ ሲቆረጥ «ሰ» እና «ፈ» ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ «ሠራ» የተባለው «ፈራ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። በሐኪም ቤት «መድኃኒቱ ሠራ» እና «መድኃኒቱን ፈራ» ሕክምናውን ወደተለያየ አቅጣጫ ይወስዱታል። ቀኑን ሙሉ ጆሮን አስጨንቆ የጎደለውን መገመትም ያደክማል፤ የደከመ አስተርጓሚ ደግሞ ይስታል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ገመድ አልባውን ለትምህርት፣ ለስብሰባና ለግል ጥሪ ይጠቀሙበት፤ ለሐኪም ቤትና ለፍርድ ቤት ሥራ ግን በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካ ማዳመጫ ይያዙ። በገመድ የሚሄድ ድምፅ ከሬዲዮ ረብሻም፣ ከስልኩ ጣልቃ ገብነትም፣ ከስልት መቀያየርም ነፃ ነው። ብዙ የርቀት ትርጉም አሠሪዎችም በውላቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነውና የራስዎን ውል ቢያዩት መልካም ነው። ገመድ አልባውን ጨርሶ መተው ካልፈለጉም ባለገመዱ ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቆይ፤ በጥሪ ፕሮግራሙ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛወሩም ሥራ ከመጀመርዎ በፊት በሙከራ ጥሪ ይለማመዱት። አንዳንድ ፕሮግራሞች ማዳመጫ ሲጠፋ ራሳቸው ወደ ሌላው ሲሄዱ፣ ሌሎቹ ግን በእጅ እስኪመረጥላቸው ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ።

ሞገድ፦

የቆየ አስተርጓሚ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ገመድ የማይመቻቸው፣ በሥራ መካከል ከወንበር መነሣት ግድ የሚሆንባቸው ሰዎች አንድ ሌላ አማራጭ እንዳላቸው ብቻ ልጠቁም። ዴክት በሚባለው ቴክኖሎጂ የሚሠሩ የቢሮ ማዳመጫዎች አሉ፤ እነዚህ የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልልን ስለማይነኩ ዋይፋይም ሆነ የዩኤስቢ 3 ዲስክ እንደ ብሉቱዝ አይረብሻቸውም፤ ርቀታቸውም ከተለመደው የብሉቱዝ ማዳመጫ ይበልጣል። ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ከመግዛት በፊት ግን የተሠሩት ለየትኛው አገር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ የአሜሪካዎቹ ከ1.92 እስከ 1.93 ጊጋኸርዝ፣ የአውሮፓዎቹ ከ1.88 እስከ 1.90 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል ስለሚሠሩ በአሜሪካ የተገዛውን አውሮፓ ላለ ዘመድ መላክ አይገባም።